ስለ መኪና መሪ ዘይትና ሳይመረምሩ ስለ መፍረድ

በማኅበር ገንዘብ የተገዛ መኪና እንደ ጋራ ከብት ነው። ሁሉም ይገለገልበታል፤ የሚጠብቀው ግን አንድ ሰው ነው። ከብቱ የከሳ እንደ ሆነ፥ ሣሩ ደርቆ ወይም በሽታ ገብቶበት እንደ ሆነ የሚመረምር ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሰው አስቀድሞ ዐይኑን የሚጥለው በእረኛው ላይ ነው። በዚህ ወር ስለ ናፍጣ ፒክ አፕ መኪና የመሪ ዘይት ለመጻፍ ያሰብነው ከዚህ የተነሣ ነው። ክቡራን አንባብያን እንዲህ ያለው ነገር በመንፈሳዊ የቤተ ሰብ መጽሔት ላይ ምን ይሠራል ብለው ይደነቁ ይሆናል። ነገር ግን የጥቂት ዘይት መጉደል የሰውን ስም ሊያጎድፍ፥ በገደል መንገድ ላይም የተሳፋሪን ሕይወት ለአደጋ ሊያጋልጥ እንደሚችል በዐይናችን ስላየን፥ ነገሩን በቸልታ ልናልፈው አልወደድንም።

ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ በሦስተኛው ምዕራፍ ስለ አንደበት ሲያስተምር የመርከብን መሪ ምሳሌ አድርጎ እንዳመጣ ይታወቃል። ታላቁን መርከብ ትንሽ መሪ እንደምታዞረው፥ አንደበትም ከአካል ክፍሎች ትንሽ ስትሆን ኀይሏ ብዙ ነው። እኛ በምንናገረው ታሪክ ውስጥ መሪና አንደበት በአንድ ጉዳይ ተገናኝተዋል። ከታሪኩ በፊት ግን የመሪውን አሠራር እናስረዳ፤ አሠራሩን ያላወቀ ሰው ጉድለቱን ሊመረምር አይችልምና።

በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የተደረገ ግፊት ወደ ሁሉ አቅጣጫ እኩል እንደሚተላለፍ ያስረዳው በ17ኛው መቶ ዓመት የነበረው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ነው። ልጆቻችን ሁለት ሲሪንጆችን በአንድ ቀጭን ቱቦ አገናኝተው ውኃ ቢሞሉባቸው ይህን ሕግ በቤት ውስጥ ሊያዩት ይችላሉ፤ አንዱን ሲገፉት ሁለተኛው ይወጣል። ፍራንሲስ ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በዚሁ ሕግ ተጠቅሞ እ.ኤ.አ. በ1926 የመኪናን መሪ በዘይት ግፊት የሚያግዝ መሣሪያ ሠርቶ አሳየ። ለሕዝብ በሚሸጥ የቤት መኪና ላይ መጀመሪያ የዋለው ግን እ.ኤ.አ. በ1951 በክራይስለር ኢምፔሪያል ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ሞተሩ በቺንጋ አንዲት ፖምፓ ያዞራል። ፖምፓዋ ከትንሽ ማጠራቀሚያ ዘይት እየሳበች ብርቱ ግፊት በሚችል ቱቦ ወደ መሪው ሳጥን ትልካለች። ሾፌሩ መሪውን ሲያዞር በውስጥ ያለች ቫልቭ ዘይቱን ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ትመራዋለች፤ ዘይቱም ፒስተኑን ገፍቶ ጎማዎቹን ለማዞር ያግዛል። ሥራውን ከፈጸመ በኋላ በሁለተኛው ቱቦ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። መንገዱ ዙሪያ ነው፤ ከወጣበት ይመለሳል።

የናፍጣ መኪና በዚህ ረገድ የራሱ ጠባይ አለው። ሞተሩ ብዙውን ጊዜ ከቤንዚን ሞተር ይልቅ ከባድ ስለ ሆነ የፊት ጎማዎች ብዙ ክብደት ይሸከማሉ፤ ስለዚህ የዘይቱ እርዳታ ሲቀር መሪው እጅግ ይከብዳል። ሁለተኛም፥ የቤንዚን ሞተር አየር በሚስብበት ጊዜ የሚፈጠረው ቫኪዩም ፍሬኑን ያግዛል፤ የናፍጣ ሞተር ግን በቂ ቫኪዩም በራሱ ስለማይፈጥር ለፍሬኑ ሌላ ረዳት ይሻል። በብዙዎቹ የጃፓን ፒክ አፖች ይህ ረዳት ሞተሩ የሚያዞረው የቫኪዩም ፖምፓ ነው። በአንዳንድ ታላላቅ የአሜሪካ ናፍጣ ፒክ አፖች ግን ፍሬኑንም የሚያግዘው ያው የመሪው ፖምፓ ዘይት ነው። በእነዚህ መኪኖች የመሪው ዘይት ካለቀ መሪውም ፍሬኑም በአንድነት ይከብዳሉ። እንግዲህ የመሪ ዘይት ጉዳይ የምቾት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ዋና ትምህርት ይህ ነው። ናፍጣ ይቃጠላል፤ የሞተር ዘይትም በጥቂቱ ሊቃጠል ይችላል፤ የመሪ ዘይት ግን የሚገባበት እሳት የለም። ከጎደለ ፈስሷል። የፈሰሰበት ስፍራ ያልታየ እንደ ሆነ፥ ገና በሚገባ አልተፈለገም ማለት ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ2010 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ወራት ነው። በአንድ ደብር ባለ ሁለት ጋቢና የሆነ የናፍጣ ፒክ አፕ ነበር። ሕሙማንን ወደ ሐኪም ቤት፥ ጧፍና ዕጣንን ከገበያ ወደ ቤተ ክርስቲያን፥ አረጋውያንን ወደ ጠበል የሚያመላልስ እርሱ ነበር። ሾፌሩ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ፥ ንግግራቸው ጥቂት የሆነ ሰው ነበሩ። በዚያ ሰሞን መሪው በሚዞርበት ጊዜ መኪናው ያቃስት ጀመር፤ የመሪውም ዘይት በየሳምንቱ እየጎደለ፥ ሾፌሩ የዘይት መግዣ ደጋግመው ለመጠየቅ ተገደዱ።

ከሰበካ ጉባኤው አባላት አንድ ሽማግሌ መኪናው በሚያድርበት ስፍራ ጎንበስ ብለው መሬቱን ተመለከቱ። አንዲት ጠብታ እንኳ አልነበረችም። «ዘይቱ ፈስሶ ቢሆን ምድር ትመሰክር ነበር፤ ምድር ካልመሰከረች ዘይቱ ወደ ገበያ ሄዷል» አሉ። ይህ ቃል ከጉባኤው ወጥቶ ወደ ቅጥሩ፥ ከቅጥሩም ወደ ሾፌሩ ቤት ደረሰ። ባለቤታቸው ከጽዋ ማኅበር ይቀሩ ጀመር። በዚያው ሳምንት መኪናውን ያየ አንድ ጋራዥ ድምፁን ብቻ ሰምቶ «ፖምፓው ሞቷል፤ በአዲስ ይለወጥ» የሚል ፍርድ ሰጠ። ከትንሣኤ በኋላ ደግሞ አራት አረጋውያን ወደ ደብረ ሊባኖስ ሊሄዱ ተቀጥረው ነበር። ገዳሙ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ከዋናው መንገድ ወደ ገዳሙ የሚወስደው መንገድ በገደል ጫፍ ቁልቁል የሚወርድ ነው። መሪው የታመመ መኪና በዚያ ሊሄድ አይገባውም።

የደብሩ አለቃ እኛን አስጠርተው «መምህር፥ ይህን ነገር መርምርልን፤ ከበዓሉ በፊት እውነቱን እንወቅ» አሉን። ወደ ሾፌሩ በሄድን ጊዜ ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ «መምህር፥ ዘይቱን እኔ አልጠጣሁትም፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን አላውቅም» አሉን። «እንግዲያውስ አብረን እንፈልገዋለን፥ ጋሼ» አልናቸው። እርሳቸውም ከኪሳቸው አንዲት ትንሽ ደብተር አወጡ። በየትኛው ቀን ምን ያህል ዘይት እንደ ጨመሩ ተጽፎባት ነበር። ይህን ደብተር እስከዚያ ቀን ድረስ አሳዩኝ ያላቸው አልነበረም።

ምርመራውን የጀመርነው ከመኪናው በፊት ከነገሩ ሥር ነው። መኪናው ሌሊቱን በሜዳ ላይ ካደረ በኋላ፥ ዘይቱን ለቀዝቃዛ ሞተር እስከ ተሰጠው ከፍተኛ ምልክት ድረስ ሞላን። ከዚያም በክዳኑና በማጠራቀሚያው ላይ የወረቀት ማሸጊያ ለጥፈን፥ አለቃው፥ ያ ሽማግሌና ሾፌሩ ሦስቱም ፈረሙበት። መኪናው ሦስት ቀን እንደ ወትሮው ሠራ። በአራተኛው ቀን ጧት ሦስቱ ተሰብስበው ሲያዩ ወረቀቱ አልተቀደደም፤ ዘይቱ ግን ከምልክቱ ወርዶ ነበር። የሰው እጅ ያልነካው ዘይት ጎደለ። ሽማግሌው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ዳሰሱት፤ ምንም ቃል አልተናገሩም።

ቀጥሎ የሰፈሩን መካኒክ ይዘን ወደ መኪናው ገባን። የመጀመሪያው ጥያቄ ድምፁ ከምን ይመጣል የሚል ነበር። ቺንጋ ሲላላ ወይም ሲያረጅ የሚሰጠው ድምፅ ስለታም ጩኸት ነው፤ ይልቁንም መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞር ይሰማል። ዘይት ሲያንስና አየር ሲገባ ግን ድምፁ ረዘም ያለ ማቃሰት ነው። ቺንጋውን አየነው፤ አልተሰነጠቀም፥ አልላላም፥ ዘይትም አልነካውም። የማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍተን ሞተሩ እየሠራ ሳለ ብንመለከት ግን ዘይቱ እንደ ሳሙና ውኃ ጥቃቅን አረፋ ይዞ ነበር። ዘይት አይጨመቅም፤ አየር ግን ይጨመቃል። ስለዚህ ፖምፓዋ ዘይት እገፋለሁ ስትል አየር እየገፋች ታቃስታለች። የታመመ የመሰለው ፖምፓ የተራበ ፖምፓ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ ዘይቱ ወዴት ሄደ የሚል ነው። አቧራ በለበሰ ብረት ላይ የሚፈልግ ሰው አሮጌውን ቅባት ከአዲሱ መለየት ስለማይችል፥ አስቀድመን ቱቦዎቹንና የመሪውን ሳጥን አጥበን አደረቅን። ከዚያ ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥተው መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብለው አዞሩ። በጫፉ ላይ ከአምስት ሴኮንድ በላይ እንዳያቆዩት ነገርናቸው፤ መሪው በጫፍ ሲያዝ ግፊቱ ወደ መጨረሻው ደረጃ ይደርሳልና፥ ሲቆይ ፖምፓዋንም ዘይቱንም ያቃጥላል። መካኒኩ በባትሪ መብራት እያየ ቱቦዎቹን በካርቶን ቁራጭ ፈተሸ። በእጅ መዳሰስ አይገባም፤ ከቀጭን ቀዳዳ በብርቱ ግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳን በስቶ ሊገባ ይችላል፤ እንዲህ ያለ ቁስል ትንሽ ቢመስልም ወዲያው ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልገዋል። የግፊቱ ቱቦ ደረቅ ነበር። የመመለሻው ቱቦ ደረቅ ነበር። የፖምፓው ዘንግ ዙሪያ ደረቅ ነበር።

በዚህ ዐይነቱ መሪ ሳጥን ሁለት ጫፎች ላይ እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸቡ የጎማ እጀታዎች አሉ፤ ሥራቸው ዘንጉን ከአቧራና ከውኃ መጠበቅ ነው። መካኒኩ የቀኙን እጀታ በጣቱ ሲጫነው ውኃ እንደ ያዘ ከረጢት ወዛወዘ። ከሥሩ ሳህን አኑሮ ማሰሪያውን ቢፈታው ቀይ ዘይት ወረደ። የግራውንም ፈታ፤ ከዚያም ወጣ። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ዘይት ከልካይ ጎማ አርጅቶ፥ ዘይቱ መሪው በዞረ ቁጥር ወደ እጀታው ይሾልክ ነበር። እጀታዎቹ ያልተቀደዱና በሚገባ የታሰሩ ስለ ነበሩ ወደ ምድር የወረደ ጠብታ አልነበረም። በጫፋቸው በኩል ያመለጠው ጥቂት ዘይት ከአቧራ ጋር ተለውሶ በዘንጉ ላይ እንደ ጭቃ ደርቆ ነበር። ምድር ያልመሰከረችው ምስክሩ በሌላ ስፍራ ታስሮ ስለ ነበረ ነው።

መካኒኩ ዘንጉን ጠርጎ ዝገት ወይም ጭረት እንዳለበት መረመረ፤ ዘንጉ ሻካራ ከሆነ አዲሱን ጎማ ወዲያው ይበላዋልና። ዘንጉ ልሙጥ ነበር። ጎማዎቹ ብቻ ተለወጡ። ቀጥሎ አየሩን የማስወጣት ሥራ ነበር። የመኪናው የፊት ጎማዎች በክሪክ ተነሥተው በጽኑ ድጋፍ ላይ ዐረፉ፤ ማጠራቀሚያው በአዲስ ዘይት ተሞላ፤ ሞተሩ ሳይነሣ መሪው ከጫፍ እስከ ጫፍ ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ዞረ፥ ዘይቱም በጎደለ ቁጥር ተጨመረ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ተነሥቶ በዝቅተኛ ዙር ላይ ሳለ ይኸው ተደገመ። በመጨረሻ ሞተሩ በጠፋ ጊዜ በማጠራቀሚያው ያለው የዘይት ከፍታ ስንት እንደ ጨመረ አየን፤ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከጨመረ ገና አየር አለበት ማለት ነው። አልጨመረም። አረፋው ጠፋ፤ ማቃሰቱም ቀረ። ፖምፓው እስከ ዛሬ አልተለወጠም ለማለት ባንችልም፥ በዚያን ጊዜ ግን መለወጥ አላስፈለገውም።

በሚቀጥለው ጉባኤ ያ ሽማግሌ ተነሥተው በሁሉ ፊት ሾፌሩን ይቅርታ ጠየቁ። ሾፌሩም «እግዚአብሔር ሁላችንንም ይቅር ይበለን» ብለው ተቀመጡ። አለቃው ግን «ቃሉ የሄደበትን መንገድ ይቅርታውም ሊሄድበት ይገባል» አሉ። ሽማግሌው ይህን ሰምተው በማግሥቱ ከባለቤታቸው ጋር ወደ ሾፌሩ ቤት ሄዱ፤ ቡና ተፈላ፤ የቤቱ እመቤትም በሚቀጥለው ወር ወደ ጽዋ ማኅበራቸው ተመለሱ። አራቱ አረጋውያን ከበዓሉ በኋላ በሰላም ወደ ገዳሙ ደርሰው ተመለሱ።

መኪና ላላቸው ቤተ ሰቦችና ማኅበራት የሚከተለውን ምክር እናቀርባለን። የመሪውን ዘይት ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ እዩት። መኪናው ሌሊቱን ከቆመ በቀዝቃዛው ምልክት፥ ሃያ ደቂቃ ያህል ከተነዳ በኋላ በትኩሱ ምልክት ይለካል፤ ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው ያልጎደለውን ይጨምራል። አዲስ ዘይት ቀይና ጥሩ ነው፤ የጠቆረና የተቃጠለ ሽታ ያለው አርጅቷል፤ እንደ ወተት የደፈረሰ አየር ወይም ውኃ ገብቶበታል። ከመኪናው ሥር ጠብታ ካያችሁ ነጭ ካርቶን አንጥፉበት። ቀይ ከሆነ የመሪ ወይም የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፥ ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት፥ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ሆኖ እንደ ውኃ የቀጠነ ከሆነ የራዲያተር፥ በጎማ አጠገብ የሚገኝ ወይን ጠጅ ያልሆነ ቢጫማ ፈሳሽ ከሆነ የፍሬን ዘይት ሊሆን ይችላል። ድምፅ እያለ ምንም ጠብታ ካልታየ ደግሞ፥ ከማጠራቀሚያው ወደ ፖምፓው የሚሄደውን ቱቦ ማሰሪያ መርምሩ፤ በዚያ በኩል ፖምፓዋ ስለምትስብ ዘይት ሳይወጣ አየር ሊገባ ይችላል።

የዘይቱን ዐይነት ከመኪናው መጽሐፍ ወይም ከክዳኑ ላይ አንብቡ። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ እየተሠራ በአገራችን በብዛት የሚታየው ቶዮታ ሂሉክስ፥ መሪው በዘይት በሚሠራባቸው ብዙዎቹ ዐይነቶች የሚወስደው ዴክስሮን ሁለት ወይም ሦስት የሚባለውን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ቀይ ዘይት ነው። ሌሎች መኪኖች አረንጓዴ ወይም ልዩ ዘይት ይሻሉ፤ በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖችም መሪውን የሚያግዘው የኤሌክትሪክ ሞተር ስለ ሆነ ዘይት ከቶ የለም። የፍሬንን ዘይት በመሪው ማጠራቀሚያ፥ የመሪውንም በፍሬኑ ማጠራቀሚያ ፈጽሞ አትጨምሩ። የሁለቱ ጎማዎች ከተለያየ ነገር የተሠሩ ስለ ሆኑ፥ የማይስማማቸው ዘይት ሲነካቸው ያብጣሉ፥ ይበላሻሉም፤ ስሕተቱ በፍሬን በኩል ከሆነ ሞትን ሊያመጣ ይችላል። ዘይት ያቆማል ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠው መድኀኒት ያረጀውን ጎማ ለጥቂት ጊዜ ሊያሳብጥ ይችል ይሆናል፤ የተቀደደ ቱቦን ግን አያድንም።

በመንገድ ላይ ሳላችሁ መሪው በድንገት ቢከብድ አትደንግጡ። በመሪውና በጎማዎቹ መካከል ያለው የብረት ግንኙነት አልተቋረጠም፤ በሁለት እጅ አጥብቃችሁ እየያዛችሁ ፍጥነት ቀንሱና ዳር ያዙ። ናፍጣ እቆጥባለሁ ብሎ ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍቶ መውረድ ግን ትልቅ ድፍረት ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ የመሪውም የፍሬኑም ረዳት አብሮ ይጠፋል። የወጣውንም አሮጌ ዘይት በመሬት ወይም በወንዝ ዳር አትድፉት፤ በጀሪካን ሰብስባችሁ ለሚቀበል ጋራዥ ስጡ። ውኃውን የሚጠጣው የባልንጀራችሁ ልጅ ነውና።

አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። በመኪና ላይ ቅጠሉ በጊዜው መክፈትና ማየት ነው፤ በሰው ላይ ደግሞ ቅጠሉ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። የጉድለቱን ስፍራ ከማወቃችን በፊት የበደለኛውን ስም ለመጥራት የቸኮልን እንደ ሆነ፥ ዘይቱ መፍሰሱን አይተውም፤ ላይ በዝምታ ሥራውን የሚሠራ አንድ ሰው ግን ይቈስላል። በየቤታችሁ ያሉትን ሾፌሮች፥ ዘበኞችና ሠራተኞች ሁሉ በዚህ ዐይን ተመልከቱ። እግዚአብሔር መንገዳችንን ያቅናልን፥ አንደበታችንንም ይጠብቅልን፤ አሜን።